ጋሌክቲን-3ን ያግዳል የተባለ ዱቄት ለእናቴ ተልኳል፤ ልስጣት ወይስ ልተወው?

ጊዮርጊስ ማዶ | ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ ከእናቴ ጋር። ሰባ ዓመት አልፏታል። ከአምና ጀምሮ መርሳት አብዝታለች። የበዓላቱን ቀን አትስትም። ሚካኤል በ12፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔዓለም በ27 ብላ ትነግርሃለች። ቁርስ መብላቷን ግን ትረሳለች። በቀደም ሽሮ ጥዳ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ወጣች። እኔ ስደርስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ድስቱም የሚታጠብ አልሆነም።

እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። የሆነ ቦታ አንብባ «ጋሌክቲን-3 የሚባል ፕሮቲን ነው አንጎሏን የሚጎዳው፣ ይሄ ዱቄት ያግደዋል» ብላ በሰው እጅ አንድ ጣሳ ላከች። ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ የተሠራ ነው ይላል። ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ይጓጉላል፣ ጣዕሙ ግን አይከፋም። ዋጋውን አትጠይቁኝ። እህቴ በየቀኑ ነው የምትደውለው፣ «ጀመረች ወይ?» እያለች።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይሄ ፕሮቲን የሚሉት ነገር እውነት አለ? ዱቄቱንስ ልስጣት?

አሳ ለብለብ | ማክሰኞ ማታ 2፡31

የሎሚ ልጣጭ በዶላር? እኛ ጁስ ቤት ጓሮ ጆንያ ሙሉ እየተጣለ ነው። እህትህን አገናኘኝ አቦ። (ቀልዴን ነው፣ እማማን እግዜር ይማርልን።)

ጤና በተፈጥሮ | ማክሰኞ ማታ 2፡50

ስጣት እንጂ ወንድሜ፣ ምን ትጠብቃለህ? ጋሌክቲን-3 የሌክቲን ዘር ነው። አደንጓሬና ምስር ውስጥ ያለው ሌክቲን አንጀትን ቀዶ አንጎል ይደርሳል፣ የሚያስረሳው እሱ ነው። ጥራጥሬውን አስቁማት፣ ዱቄቱን ጠዋት በባዶ ሆዷ ስጣት። ከተፈጥሮ የመጣ ነገር አይጎዳም።

አሳ ለብለብ | ማክሰኞ ማታ 2፡54

በጾም ጥራጥሬ ካስቆምካቸው ምን ሊበሉ ነው፣ አየር?

ማይክሮስኮፕ | ማክሰኞ ማታ 4፡20

ቆይ ቆይ፣ እዚህ ላይ ነገር ተቀላቅሏል። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ አሁን ውጭ አገር የአንጎል ሴል ላብራቶሪ ውስጥ እየተማርኩ ነው። ይሄ ፕሮቲን የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ይረዝማል።

ሌክቲን የሚባሉት ስኳር የሚይዙ ፕሮቲኖች ናቸው። ስኳር ስል ሻይ ውስጥ የሚገባውን አይደለም። የሴሎቻችን ገጽ በስኳር ሰንሰለት የተሸፈነ ነው፣ ሌክቲኖች እየመረጡ እሱን ይይዛሉ። እፅዋት የራሳቸው አላቸው፣ እኛም የራሳችን። ጋሌክቲን-3ን የሚሠራው የገዛ ሰውነታችን ነው፣ ጂኑም 14ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። ምስር ብትበሉም ባትበሉም ይኖራል። ስለዚህ የእማማን ምስር ተዉላቸው።

የአደንጓሬው ሌክቲን በጥሬው ወይም በግማሽ ብስል ከተበላ በእርግጥ ሆድ ይበጠብጣል፣ ያስታውካል። ግን ሲፈላ ይጠፋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቢሆንም እናቶቻችን ሲያሳድሩት ያደረ፣ ሲቀቅሉት የዋለ ነው። እዚያ ላይ ስጋት የለኝም።

ወደ ጋሌክቲን ልመለስ። በአጥቢ እንስሳት 15 ያህል ጋሌክቲኖች ታውቀዋል። ሁሉም ጋላክቶስ የሚባለው ስኳር ያለበትን ሰንሰለት ይይዛሉ። 3ኛው አሠራሩ ለየት ይላል። ስኳር የሚይዝበት አንድ ራስ አለው፣ ከዚያ ረጅም ጭራ። በጭራው አማካይነት እርስ በርሱ እየተያያዘ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ በሴሉ ገጽ ላይ ያሉትን ተቀባይ ፕሮቲኖች አንድ ላይ ይጠረንፋቸዋል። ሴሉ ከውጭ መልእክት የሚሰማው በእነሱ በኩል ነው፤ እነሱ ሲጠረነፉ የሴሉም ጠባይ ይለወጣል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲታወቅ የተገኘው ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ላይ ነበር፤ ያኔ ስሙ ማክ-2 ነው። ጋሌክቲን የሚለው ስም የጸደቀው በ1994 ነው።

አንጎል ውስጥ የማክሮፋጅን ሥራ የሚሠሩት ማይክሮግሊያ ናቸው። ጠባቂም ጽዳትም እነሱ ናቸው። የጤነኛ አይጥ አንጎል በስሱ ቆርጠን ጋሌክቲን-3 ያለበትን የሚያበራ ቀለም ስናደርግበት ጨለማ ነው። ማይክሮግሊያዎቹ አሉ፣ ቀጫጭን ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ዙሪያቸውን ይዳስሳሉ፣ ጋሌክቲን-3 ግን እምብዛም የላቸውም። ስትሮክ የደረሰበት አይጥ ሲሆን ሌላ ነገር ታያለህ። ከቀናት በኋላ የቁስሉ ዙሪያ ቦግ ይላል። ሴሎቹ ቅርንጫፋቸውን ሰብስበው ድቡልቡል ብለዋል፣ የሞተ ሴል ውጠው አብጠዋል፣ ጋሌክቲን-3 ሞልቶባቸዋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከወንበሬ መነሳት አቅቶኝ ነበር።

ቀሪውን ነገ እጽፋለሁ፣ እንቅልፌ መጣ።

ጤና በተፈጥሮ | ረቡዕ ጠዋት 1፡05

አየህ፣ ራስህ መሰከርክ። በሽታ ሲመጣ እሱ ይመጣል። ጥፋተኛው ታዲያ ማን ሊሆን ነው?

አሳ ለብለብ | ረቡዕ ጠዋት 1፡22

እሳት ባለበት ሁሉ እሳት አደጋ መኪና አለ። እነሱ ናቸው የለኮሱት በላ!

ሲስተር ዓባይ ማዶ | ረቡዕ ጠዋት 3፡40

ጊዮርጊስ ማዶ፣ ስለ ፕሮቲኑ የሚያውቁት ይጻፉልህ። እኔ ነርስ ነኝ፣ የማየው እናትህን ነው። እስቲ እነዚህን መልስልኝ።

ወድቀው ያውቃሉ? ቀላል የምትለውም ቢሆን፣ ባለፉት ወራት። ደም ግፊት አለባቸው? ካለ ኪኒናቸውን በትክክል ይወስዳሉ? ለእንቅልፍ ወይም ለሕመም ሌላ የሚወስዱት አለ? ይሰማሉ? ያያሉ? ይበላሉ? ሰው መጠየቅ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀንሰዋል?

የበዓል ቀን ማስታወሳቸው አያዘናጋህ። ድሮ የገባ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ላይ ሰዓት ሳሉ፣ ከመቶ ሰባት ሰባት ቀንሱ እያልን ፈትነን «ከባድ የመርሳት በሽታ» የምንለው ነገር ሁሌም ያናድደኛል። ይልቅ ትናንት ማን እንደመጣ፣ ዛሬ ምን እንደበሉ፣ ከገበያ መልስ ቆጥረው ይቀበሉ እንደሆነ ተመልከት። ያ ይሻላል።

ጊዮርጊስ ማዶ | ረቡዕ ቀን 7፡10

እሺ ሲስተር። ወድቃለች። ኅዳር ላይ ከቅዳሴ ስትመለስ ደረጃ ላይ አዳለጣት፣ ግንባሯ አበጠ እንጂ አልደማም፣ እኛም ቅቤ ቀብተን ተውነው። ግፊት አለባት፣ ኪኒን አላት። መውሰዷን ግን እኔ አላየሁም፣ «ወስጃለሁ» ነው የምትለው። ጆሮዋ ደህና ነው። አንድ ዓይኗ ሞራ አለበት።

ሲስተር ዓባይ ማዶ | ረቡዕ ቀን 7፡25

«ወስጃለሁ» ያሉህ መርሳት የጀመሩ ሰው ናቸው። ፍሬውን ራስህ ቁጠር።

መውደቃቸውን ግን ችላ አትበል። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት ሲመታ ደም ቀስ እያለ ከራስ ቅል ሥር ሊጠራቀም ይችላል። ከሳምንታት፣ ከወራት በኋላ መርሳትና መደናገር ሆኖ ይመጣል። ከታወቀ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው። ሐኪም ይያቸውና ሲቲ ስካን እንዲታዘዝላቸው ጠይቅ። ከዚያ የቫይታሚን ቢ-12 እና የታይሮይድ ምርመራ። እንቅርት በኛ አካባቢ ብርቅ አይደለም፣ ታይሮይድ ሲቀንስ ደግሞ አእምሮ ይፈዛል። ድባቴም ያስረሳል። እነዚህ ሁሉ መድኃኒት ያላቸው ናቸው።

ፋርማሲስቷ | ረቡዕ ማታ 1፡00

ስለ ዱቄቱ እኔ ልበል፤ ፔክቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ፔክቲን የፍራፍሬ ልጣጭ ውስጥ ያለ ፋይበር ነው፣ ማርማላታ የሚያረጋው እሱ ነው። ተራው ፔክቲን ከአንጀት ወደ ደም አይገባም። ይሄኛውን በሙቀትና በአሲድ ሰባብረው ሰንሰለቱን አሳጥረውታል። «አጭር ስለሆነ ደም ውስጥ ይገባል፣ ጋላክቶስ ስላለው የጋሌክቲን-3ን ራስ ይደፍናል» ነው የሻጮቹ ክርክር። ሲነገር ያምራል። በ2016 ግን ስዊድን ሉንድ ውስጥ ጋሌክቲንን ለረጅም ዘመን ያጠኑ ሰዎች ፔክቲኖቹን ከፕሮቲኑ ጋር አገናኝተው ለኩ። ስኳር የሚይዝበትን ቦታ የማገድ አቅማቸው ወይ የለም ወይ በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ደምን ከአንጎል የሚለየው ግድግዳ ደግሞ አለ፤ ደም ውስጥ የገባ ሁሉ አንጎል አይገባም።

የመርሳት በሽታን እንደሚያሻሽል በሰው ላይ የታየ ማስረጃ የለም። መርዝ ነው አልልም። ግን ፋይበር ስለሆነ አብሮት የተዋጠ መድኃኒት በደንብ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። አንዳንዱ ሶዲየምና ፖታሲየም አለው፣ ግፊትና ኩላሊት ላለበት ሰው ይሄ ተራ ነገር አይደለም። የጣሳውን ጀርባ አንብበው።

ዘጌ ቡና | ረቡዕ ማታ 1፡18

እኛ ዘጌዎች ሎሚ ከቡናው ሥር እየለቀምን ነው ያደግነው። አያቴ ግን ሲያረጁ የኔን ስም ከአጎቴ ስም ጋር እያምታቱ ነው የሞቱት። ሎሚ ቢያድን እሳቸውን ባዳነ።

ማይክሮስኮፕ | ረቡዕ ማታ 4፡45

ተመለስኩ። የ«ጥፋተኛው እሱ ነው» ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። በአይጥ ላይ የሚፈተነው ጂኑን በማጥፋት ነው። ጋሌክቲን-3 የሌለው አይጥ ይወለዳል፣ ከዚያ በሽታው ይሰጠዋል።

በ2012 ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ያደጉ አይጦች ላይ ስትሮክ አደረሱ። ጋሌክቲን-3 የሌላቸው አይጦች ባሰባቸው። የሞተው የአንጎል ክፍል ሰፋ፣ ማይክሮግሊያዎቹም እንደሚገባቸው መራባት አቃታቸው። ማለትም እዚያ ጋሌክቲን-3 ረዳት ነበር። ከዚያ በፊት በ2010 ደግሞ ስዊድን ውስጥ አዲስ የተወለዱ አይጦች ላይ የኦክስጅንና የደም እጥረት ጉዳት ተሞከረ። እዚያ ጋሌክቲን-3 የሌላቸው ዳኑ፣ ጉዳታቸው አነሰ። ያው ፕሮቲን ነው፣ ያው አንጎል ነው፣ ሁለቱም የደም እጥረት ነው። ዕድሜውና ሁኔታው ሲለያይ ውጤቱ ተገለበጠ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈውም ይሄ ነው።

ዋነኛው የመርሳት በሽታ በሆነው አልዛይመር ላይ ሚዛኑ ወደ ክፉው ያጋደለ ይመስላል። በ2019 ከሉንድና ከስፔኗ ሴቪያ የወጣው ጥናት በሰው አንጎልም በአይጥም አሳየ። አሚሎይድ የሚባለው ዝቃጭ ክምር ላይ የተለጠፉት ማይክሮግሊያዎች ጋሌክቲን-3 የተሞሉ ናቸው። ትሬም-2 የሚባለውን የማይክሮግሊያ ተቀባይ እንደሚይዝም ታየ። ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች ዝቃጫቸው ቀነሰ፣ የማስታወስ ፈተናቸውም ተሻሻለ። በ2015 የእነዚሁ ሰዎች ቡድን ከማይክሮግሊያ የወጣ ጋሌክቲን-3 ቲኤልአር-4 የሚባለውን የማንቂያ ተቀባይ ይዞ ብግነት እንደሚያስነሳ አሳይቷል። ማለት ተቆጥቶ የወጣው ሴል ሌላውን ያስቆጣል፣ ያም ሌላውን። አልዛይመር ዓመታት የሚፈጅ ስለሆነ መቆጣቱ የሚበርድበት ጊዜ አያገኝም። ስትሮክ ላይ ለሳምንት የሚጠቅም ነገር ለአሥር ዓመት ሲቆይ ሊጎዳ ይችላል ብዬ ነው እኔ የማስበው።

ማይሊን ላይም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። ማይሊን የነርቭ ክር ልባስ ነው። ልባሱን የሚሠሩት ሴሎች እንዲበስሉ ጋሌክቲን-3 ይረዳል፣ የተላጠውም ሲጠገን ያስፈልጋል። ያው ጂን የጠፋባቸው አይጦች ግን ሰውነት የራሱን ማይሊን የሚያጠቃበትን መልቲፕል ስክለሮሲስን በሚመስለው በሽታ ቀለል ያለ ሕመም ነው የያዛቸው።

አንድ ልጨምርና ላብቃ፣ በጣም የምወደው ስለሆነ። ሴል ውስጥ ላይሶዞም የሚባሉ የቆሻሻ ማፍረሻ ከረጢቶች አሉ። በውስጥ ግድግዳቸው ስኳር አለ። ከረጢቱ ጤነኛ ሲሆን ያ ስኳር ከውጭ አይታይም። ሲቀደድ ግን ይጋለጣል፣ ጋሌክቲን-3ም ሄዶ ይይዘዋል። አረንጓዴ የሚያበራ ምልክት የተደረገበት ጋሌክቲን-3 ያለው ሴል ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠህ ላይሶዞም የሚቀድ ኬሚካል ጠብ ታደርጋለህ። መጀመሪያ ሴሉ ሙሉ በእኩል አረንጓዴ ነው። ደቂቃዎች ሲያልፉ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የተቀደደ ከረጢት ነው። ቡና ይዤ ተቀምጬ ቡናው ቀዝቅዞ አውቃለሁ። ሃንቲንግተን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ ባለባቸው አይጦች ማይክሮግሊያ ውስጥም ይህንኑ የመሰለ ነገር ታይቷል፣ በ2019።

ጤና በተፈጥሮ | ረቡዕ ማታ 5፡02

እሺ፣ ስለ አደንጓሬው ተቀብያለሁ። ግን አልዛይመር ላይ ክፉ ነው ካልክ ማገዱ አይጠቅምም?

ማይክሮስኮፕ | ረቡዕ ማታ 5፡15

ሊጠቅም ይችላል፣ ለዚህም እኮ ነው የሚሞከረው። ጋሌክቲን-3ን የሚይዝ አንቲቦዲ በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ሙከራ ጀምሯል። ለአንጎል በሽታ የተፈቀደ ግን አንድም የለም። በሳንባ ጠባሳ ላይ በትንፋሽ የሚሳብ ማገጃ ተሠርቶ በ2023 ትልቁ ሙከራ ላይ ሳይሳካ ቀርቷል። እሱ ደግሞ ፕሮቲኑን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ታስቦበት የተሠራ መድኃኒት ነበር። የልጣጭ ዱቄት እዚያ ይደርሳል ብዬ አልጠብቅም።

ጊዮርጊስ ማዶ | ሐሙስ ጠዋት 2፡30

እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ አሁን ደግሞ «ቢያንስ በደሟ ውስጥ ስንት እንዳለ ይለካ» አለችኝ። ባሕር ዳር ይሠራል?

ላብራቶሪ ቤት | ሐሙስ ጠዋት 4፡00

ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ገንዘብህን ያዝ። የጋሌክቲን-3 የደም ምርመራ አለ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2010 ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ለልብ ድካም ሕሙማን ነው፣ በሽታው ወዴት እንደሚያመራ ለመገመት ከሌላ ምርመራ ጋር። ኩላሊት ሲደክም ቁጥሩ ይወጣል። ጠባሳ የሚያመጣ በሽታ ሁሉ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የእናትህ ቁጥር ከፍ ቢል ከልብ ይሁን ከኩላሊት ይሁን ከአንጎል አይነግርህም። ሐኪሙም በዚያ ወረቀት የሚያደርገው ነገር የለም።

በዚያው ብር ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ ነው)፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ምርመራና ቢ-12 አሠራ። ቢ-12 ሁሉም ቦታ ስለማይሠራ አስቀድመህ ደውለህ ጠይቅ።

አሳ ለብለብ | ሐሙስ ጠዋት 4፡12

ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ በቁም ነገር። ጋሌክቲን ጋላክቶስ የሚይዝ ከሆነ፣ ጋላክቶስ ደግሞ ወተት ውስጥ ካለ፣ ወተት ብጠጣ ራሱን አይደፍነውም?

ማይክሮስኮፕ | ሐሙስ ማታ 3፡30

ቀልደኛው ጥሩ ጠየቀ! የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ ጋሌክቲንን በእርግጥ ይይዛል። እኛም ላብራቶሪ ውስጥ ከሴል ላይ ለማላቀቅ ላክቶስ እንጠቀማለን። ግን የሚይዘው በጣም ላላ አድርጎ ነው፣ ብዙ ካልጨመርክ አይሠራም። የጠጣኸው ደግሞ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ያልቃል። ስለዚህ ወተትህን ለወተትነቱ ጠጣ።

ጊዮርጊስ ማዶ | የሚቀጥለው ረቡዕ ማታ 1፡40

ወሬ ልንገራችሁ። ሲቲ ስካን ተነሳች። የተጠራቀመ ደም የለም፣ ተመስገን። ግን ሐኪሙ ትናንሽ የቆዩ የስትሮክ ምልክቶች አሉ አለን፣ ሁሉም እኛ ሳናውቅ ያለፉ። ግፊቷ 178 በ96 ነበር። ሲስተር ያለችውን አድርጌ ኪኒኑን ቆጠርኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጠዋት ውሃ ስለማትቀምስ ትታዋለች። ፋሲካ አለፈ፣ እሷም በዚያው ቀረች። የታይሮይድ ውጤቷ ደህና ነው። ቢ-12 ገና አልደረሰም።

ማይክሮስኮፕ፣ ስትሮክ ከሆነማ ይህን ፕሮቲን ማገድ ጭራሽ ሊያባብስ ነው ማለት ነው?

ማይክሮስኮፕ | ረቡዕ ማታ 4፡10

የ2012ቱን የአይጥ ጥናት ይዘን ብንሄድ ወደዚያ ያደላል። ግን አይጥ አይጥ ነው፣ እናትህ ላይ ተሞክሮ የታየ ነገር የለም። ዱቄቱ አንጎል ደርሶ ያን ያህል ይሠራል ብዬም አላምንም። እኔ ብሆን አልሰጣትም ነበር፤ ጥቅሙ አልታየም፣ የግፊት ኪኒኗን ደግሞ ሊያስተጓጉል ይችላል።

ሲስተር ዓባይ ማዶ | ረቡዕ ማታ 4፡25

እንኳን ደም አልሆነ። አሁን ሥራህ ግፊቱ ነው። ሌላ ስትሮክ እንዳይጨመር የሚያደርገው እሱ ነው። ብዙዎቹ የግፊት ኪኒኖች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ናቸው፤ በጾም ወቅት ከ9 ሰዓት በኋላ ቢዛወርላቸው ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቅ። የንስሐ አባታቸውንም አነጋግር። «ለሕመምተኛ ይፈቀዳል» የሚለውን ከአንተ ይልቅ ከእሳቸው ቢሰሙት ይቀበላሉ። ኪኒኑን ደግሞ አንተ በእጅህ ስጣቸው፣ ሲውጡም እይ። የዓይናቸውን ሞራ አስወግዱላቸው፣ የማያይ ሰው ቶሎ ነው የሚደናገረው።

ጊዮርጊስ ማዶ | ረቡዕ ማታ 4፡40

እሺ። ለእህቴ ምን እንደምላት ነው የቸገረኝ። በልጅ አንጀቷ ነው የላከችው፣ አልሰጠኋትም ብላት ትቀየመኛለች።

ፋርማሲስቷ | ረቡዕ ማታ 4፡52

የሲቲውን ውጤት ፎቶ አንስተህ ላክላት። ከዚያ «ለሁለተኛ ጣሳ ያሰብሽውን የደም ግፊት መለኪያ ግዥበት» በላት። እሷም የምትሠራው ታገኛለች፣ ማታ ማታ ስትደውል ቁጥሩን ትጠይቅሃለች። በክንድ ላይ የሚታሰረው ይሁን፣ በእጅ አንጓ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። ባትሪውም እዚህ በቀላሉ የሚገኝ ዓይነት መሆኑን ታረጋግጥ።